ቢላ የሚታዘዘው በጾም ነው

የገና ሰሞን ጎንደር አራዳ ብትወጡ በቤት ዕቃ ሱቆች ደጃፍ የተደረደረው ቢላ ሁሉ ያብረቀርቃል። ስድስት ቢላ፣ አንድ መቀስና የእንጨት ማስቀመጫ በአንድ ካርቶን ታሽጎ። ለመጠቅለል ይመቻል፣ ዓይን ይስባል፤ እኛ ሻጮችም ፊት ለፊት የምናስቀምጠው እሱን ነው። ለገዛ ዘመዶቼ ግን ከዚያ ካርቶን አንድም ገዝቼ ሰጥቼ አላውቅም። ምክንያቱን ቀረብ በሉና ልንገራችሁ፤ ሱቅ ውስጥ ጮክ ተብሎ የሚወራ አይደለም።

ካርቶኑ ውስጥ ያለው ቢላ አይዝግም፤ ጥሩነቱ ይኸው ነው። ርካሹ ግን ብረቱ ልል ስለሆነ ስለቱ ቶሎ ይተኛል። መተኛቱ የሚታወቀው ደግሞ በዋዜማው፣ የዶሮ ወጡ ሽንኩርት ሲከተፍ ነው። ደነዝ ቢላ ሽንኩርት አይቆርጥም፤ ይጨፈልቃል። ሲጨፈለቅ ደግሞ ዓይን የሚያቃጥለው ነገር ከውስጡ በብዛት ይወጣል። እናቶች «የዘንድሮ ሽንኩርት ከፋ» ሲሉ በሰማሁ ቁጥር ቢላቸውን ባየሁት እላለሁ። ዶሮዋን 12 ብልት ማውጣት ሲመጣም ያው ነው፤ መገጣጠሚያውን አግኝቶ የሚለቅ ቢላ ከሌለ አጥንት ይሰበራል፣ ስብርባሪው ወጡ ውስጥ ይገባል።

ለስጦታ የሚሆነው ቢላ ጥቁሩ ነው፤ ቅዳሜ ገበያ ከማረሻና ከማጭድ ጎን መሬት ላይ የሚዘረጋው። ደህና ቀጥቃጭ የሚሠራው ከአሮጌ የጭነት መኪና ባሌስትራ ነው። ባሌስትራ ሸክም ተሸክሞ እየታጠፈ እንዲመለስ ተብሎ የተሠራ ብረት ነው፤ 0.6 በመቶ ገደማ ካርቦን ስላለው ውሃ ሲጠጣ ይጠነክራል፣ ስለት ይይዛል። ቀጥቃጩ በወናፍ አግሎ፣ መስፍ ላይ ቀጥቅጦ ቅርጹን ካወጣ በኋላ ደማቅ ቀይ እስኪሆን አሙቆ ውሃ ወይም ዘይት ውስጥ ይነክረዋል። እዚህ ላይ ካቆመ ግን ቢላው እንደ መስተዋት ነው፤ ሲወድቅ ይሰበራል። ስለዚህ እንደገና ለዘብ ባለ ሙቀት አሙቆ ያለዝበዋል። ጥሩውን ከመጥፎው የሚለየው ይህች ሁለተኛዋ ሙቀት ናት።

በዓል ሲቃረብ መጀመሪያ የምትዘለለውም እሷ ናት፤ መዘለሏ ከውጭ አይታይማ። ትእዛዝ ይከመራል፣ ገዢው ቆሞ ይጠብቃል። ባሌስትራ ያለቀበት ደግሞ የግንባታ ፌሮ ወይም ላሜራ ይቀጠቅጣል። ይህ ብረት ውሃ ቢጠጣም እምብዛም አይጠነክርም፤ ጥቁር ቀለሙና ቅርጹ ግን ከደህናው ጋር አንድ ነው። በገና ዋዜማ በጥድፊያ የሚገዛው ይህ ነው።

እናም ምስጢሩ ቢላን በጾም ማዘዝ ነው። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ሲገባ ካራ ይሰቀላል፣ ቅርጫ የለም፣ ሥጋ ቤቱ ጭር ይላል። ማጭድ ፈላጊውም አስቀድሞ ገዝቶ ሄዷል። ያን ጊዜ ቀጥቃጩ ዘንድ ሄዳችሁ «ጋሼ፣ ከባሌስትራ፣ ለሴት እጅ የምትሆን፣ እጀታዋ ወይራ» ብትሉት ቁጭ ብሎ ይሠራላችኋል። ስትረከቡ ሞረድ ይዛችሁ ሂዱ። ስለቱ ላይ ቀስ አድርጋችሁ ጎተት ስታደርጉት ከተንሸራተተ ብረቱ ጠንክሯል፤ ነክሶ ከፋቀው ልል ነው። ሞረድ ስታወጡ የሚቆጣ ቀጥቃጭ ካጋጠማችሁ ሂሳባችሁን ይዛችሁ ተመለሱ፤ በሥራው የሚተማመን ራሱ ያቀብላችኋል። የብረቱ ጭራ እጀታው ውስጥ ምን ያህል እንደገባም ጠይቁ። ጭራው አጭር ከሆነ እጀታው ሥጋ መሐል ይወልቃል።

ይህን ሙያ ለዚህ አገር ያቆዩትን ሰዎች ሳላነሣ አላልፍም። ከከተማው በስተሰሜን፣ በደባርቅ መንገድ ላይ ባለችው ወለቃ ቤተ እስራኤሎች ይኖሩ ነበር፤ ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጣሉ፣ ሴቶቹ ሸክላ ይሠራሉ። የጎንደር ሰው ማረሻቸውን ሲያርስበት፣ በቢላቸው በግ ሲያርድ ኖሮ ሠሪዎቹን ግን «ቡዳ» እያለ ይሸሻቸው ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያወጡት በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ስድቡ ግን በአዋጅ አልጠፋም። ብዙዎቹ በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ በ1983 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሄዱ። ዛሬም ቀጥቃጭ ልጁ ሙያውን እንዲወርስ የማይፈልገው በገቢው ማነስ ብቻ አይመስለኝም፤ የቆየ ንቀት አለበት። ስለዚህ ቢላ ስትሰጡ ማን እንደሠራውም ተናገሩ፤ የሰውየውን ስም ጠይቃችሁ ያዙ።

ወለቃ እስከ ዛሬ በሸክላዋ ትታወቃለችና ምጣድም አንሡ። ምጣድ ስትመርጡ አንጠልጥላችሁ በጣታችሁ አጥንት አንኳኩ፤ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፣ የታፈነ ከሆነ ዓይን ያላየው ስንጥቅ አለው። ለእንቁጣጣሽ ስጦታ ከሆነ ደግሞ በክረምት የተሠራውን ተዉት፤ ሸክላ በዝናብ ወራት ውስጡ ሳይደርቅ ስለሚተኮስ ይሰነጠቃል። በበጋ የተሠራውን አስቀድማችሁ ገዝታችሁ አስቀምጡ። ከሁሉ በላይ ግን አሟሽታችሁ ስጡ። ጥሬ ምጣድ ለአዲስ ሙሽራ መስጠት ሥራ መስጠት ነው፤ የመጀመሪያው እንጀራ ሲጣበቅባት በእንግዳ ፊት የምታፍረው እሷ ናት። የተወቀጠ ጎመንዘር ይዛችሁ፣ በማሰሻ እያሻችሁ፣ ገጹ ጠቁሮ እስኪወዛ ድረስ ደጋግማችሁ አሟሹት። ይህ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ እኔ ከምጣዱ ዋጋ ይበልጣል እላለሁ።

ጥር 11 ለጥምቀት መጥታችሁ ወደ ውጭ የምትመለሱ ቢላውን በእጅ ቦርሳ አትያዙ፤ ፍተሻ ላይ ይቀራል። ተመዝኖ በሚገባው ሻንጣ ይሁን። በቆዳ አፎቱም አትክተቱት፤ ቆዳ እርጥበት ስለሚይዝ ብረቱ እስክትደርሱ ይዝጋል። ስስ ዘይት ቀብታችሁ በደረቅ ጨርቅ ጠቅልሉት፣ ስለቱ ላይ ካርቶን እሰሩበት። ለሚቀበለውም ሰው ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ እንዳይከተው፣ አጥቦ ወዲያው እንዲያደርቀው ንገሩት።