እብጠቱ ለምን ጠነከረ?

ጭሮ፣ ገለምሶ፣ በዴሳ ወይም ሂርና ውስጥ አንዲት እናት ጡቷ ላይ እብጠት አግኝታ ጤና ጣቢያ ብትሄድ የመጀመሪያው ምርመራ በጣት ነው። ባለሙያው እየዳሰሰ ይጠይቃል፦ ያማል? ይንቀሳቀሳል ወይስ ከሥሩ ጋር ተጣብቋል? ጠንካራ ነው ወይስ ለስላሳ? ጠንክሮ አልነቃነቅ ያለ እብጠት ያሳስበዋል። ሐኪሞች ይህን ከማይክሮስኮፕ በፊት ጀምሮ ያውቁታል። ለረጅም ጊዜ ያልታወቀው፣ ጥንካሬው ራሱ ካንሰሩን የሚገፋ ኃይል መሆኑ ነው።

ጤናማ የጡት ሴሎች ቦታቸውን ይዘው የሚቆዩት በሁለት ዓይነት መያዣ ነው። ካድሄሪን የተባለው ፕሮቲን ሴሉን ከጎረቤቱ ሴል ጋር ያያይዘዋል፤ ኢንተግሪን ደግሞ ዙሪያውን ከከበበው የፕሮቲን ክር ጋር ያጣብቀዋል። የኢንተግሪን ሥራ በማጣበቅ አያበቃም። ሴሉ በእሱ በኩል ክሩን ይጎትታል፣ ምን ያህል እንደሚቋቋመው ይለካል፣ ባገኘውም መልስ ባሕርዩን ይለውጣል። ካንሰር ሲያድግ በዕጢው ዙሪያ ኮላጅን የተባለው ክር ይበዛል፣ እርስ በርሱም ይተሳሰራል። ጣት የሚያገኘው ጥንካሬ ይህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2005 ተመራማሪዋ ቫለሪ ዊቨርና ባልደረቦቿ ጉዳዩን በጡት ሴሎች ላይ ፈተኑት። እንደ ጤናማ ጡት በለሰለሰ፣ 150 ፓስካል ገደማ በሚለካ ጄል ውስጥ ሴሎቹ ተደራጅተው አደጉ። ጄሉ በሺዎች ፓስካል ወደሚለካው የዕጢ ጥንካሬ ሲጠጋ ግን ሥርዓታቸው ፈረሰ፤ ከጎረቤት ጋር ያላቸው ትስስር ላላ፣ ከክሩ ጋር ያላቸው ጠበቀ። እንግዲህ ካንሰሩ አካባቢውን ያጠነክራል፣ የጠነከረው አካባቢ ተመልሶ ካንሰሩን ያባብሰዋል። በመርፌ ተቀድቶ መስታወት ላይ በተቀባ ናሙና ውስጥም የጡት ካንሰር ሴሎች ብዙ ጊዜ ተበታትነው የሚታዩት እርስ በርስ መያያዛቸው ስለላላ ነው።

ከሁሉ የሚደንቀኝ የመያዣው ጠባይ ነው። የተጣበቀ ነገር ሲጎተት ይላቀቃል ብለን እንጠብቃለን። ኢንተግሪን ግን እስከ አንድ መጠን ድረስ ሲጎተት ይበልጥ አጥብቆ ይይዛል። ወደ ሚኤሶ ገበያ ግመል የጫነ ሰው፣ ሸክሙ በከበደ ቁጥር የሚጠብቀውን ቋጠሮ ያውቀዋል።

ከዕጢው ያመለጠ ሴል ደም ውስጥ ሲገባ ደግሞ ሌላ ኃይል፣ የደሙ ፍሰት፣ ይገጥመዋል። አብዛኞቹ በጉዞው ይሞታሉ። የተረፈው ቀጭን የደም ሥር ጠብቦት ይቆማል፤ አለዚያም ፍሰቱ ቀስ ባለበት ቦታ ግድግዳውን ለመያዝ ጊዜ ያገኛል። እንግሊዛዊው ስቴፈን ፓጄት እ.ኤ.አ. በ1889 ካንሰር የሚበቅለው በሚስማማው አካል ላይ ነው ብሎ ነበር፤ አሜሪካዊው ጄምስ ዩዊንግ በ1928 የለም፣ የሚወስነው የደሙ መንገድ ነው አለ። ዛሬ ሁለቱም እውነት እንዳላቸው ይታወቃል። የጡት ካንሰር ሴል ወደ አጥንት፣ ሳንባ፣ ጉበትና አንጎል የሚዛመተው በሁለቱም ምክንያት ነው።

በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከካንሰር ዓይነቶች በብዛት የሚታየው የጡት ካንሰር ነው፤ ብዙዎቹ ሕክምና የሚደርሱትም ከቆየ በኋላ ነው። እብጠቱ መጀመሪያ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ስለማያም ችላ ይባላል። ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚገኘው በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ከጭሮ 325 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ማለት ነው። አሁን በምሥራቅ በኩል የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ሐረር ላይ የካንሰር ሕክምና ይሰጣል።

ጠንካራ እብጠት ሁሉ ካንሰር አይደለም፤ ይህን የሚለየው ምርመራ ነው። ማሸትና መተኮስ አያድኑትም፣ ጊዜ ያባክናሉ እንጂ። እናቴ፣ እህቴ፣ ጡትሽ ላይ ቀድሞ ያልነበረ እብጠት ካገኘሽ፣ ባያምሽም እንኳ፣ በዚሁ ሳምንት ጤና ጣቢያ ሂጂና ታዪ።