በኪሎ የተገዛ ብረት ስንት ኪሎ ያነሳል?

በደቡብ አዲስ አበባ ፉሪ ላይ ፎቅ ወይም መጋዘን የሚያሠራ ባለሀብት፣ ዕቃ ወደ ላይ የሚያወጣበት ዘዴ ያስፈልገዋል። ለጥቂት ጭነት ክሬን መከራየት ኪስ ይጎዳል። ቀላሉ መንገድ ከፎቁ ወለል ወደ ውጭ የወጣ ብረት ላይ ማንሻ ማንጠልጠል ነው። ብረት የሚሸጠው በክብደቱ በመሆኑ ገዢው «ከከበደ ይችላል» ብሎ ይደመድማል። ስሌቱ ግን ሌላ ይላል።

1 ቶን ዕቃ ከግድግዳው 1.5 ሜትር ርቆ ይንጠልጠል እንበል። ሲነሳና ሲቆም ለሚፈጠረው ንዝረት ሩብ ያህል ሲታከልበት 1,250 ኪሎ ይሆናል። መሐንዲሶች ይህን ከክንዱ ርዝመት ጋር አባዝተው፣ ለተራ የግንባታ ብረት መጠባበቂያ ትተው ሲያሰሉ፣ የብረቱ ቅርጽ መታጠፍን የሚቋቋምበት ልክ ወደ 130 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር መሆን እንዳለበት ያገኛሉ።

በአውሮፓ ደረጃ የሚሠራው ቁመቱ 180 ሚሊ ሜትር የሆነ «አይ» ቅርጽ ብረት ይህ ልክ 146 ነው፤ በሜትር 18.8 ኪሎ ይመዝናል። ቁመቱም ወርዱም 100 ሚሊ ሜትር የሆነው ደንዳናው «ኤች» ብረት በሜትር 20.4 ኪሎ ይመዝናል፤ ልኩ ግን 90 ብቻ ነው። ስለዚህ ገዢው ብዙ ኪሎ ከፍሎ አነስተኛ አቅም ይዞ ይመለሳል። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ብረት ላይ ያለቦታው የሚወጣ ኪሎ ቀላል ወጪ አይደለም። ያው ባለ 180 ብረት በጎኑ ከተኛ አቅሙ ከስድስት አንድ እጅ በታች ይወርዳል፤ ይህ የሚደርሰው በብየዳ ሠራተኛው ግምት ብቻ ሲተከል ነው።

ብዙዎችን የሚያሳስተው ገመዱ ነው። ማንሻው ራሱ ብረቱ ጫፍ ላይ ከተሰቀለ ጭነቱ 1 ቶን ነው። ጫፉ ላይ ያለው ተሽከርካሪ ብቻ ሆኖ ገመዱ ተመልሶ መሬት ላይ ባለ ማሽን ከተሳበ ግን፣ ብረቱ ዕቃውንም ስበቱንም ስለሚሸከም 2 ቶን ያህል ያርፍበታል። ያን ጊዜ ባለ 180ው አይበቃም፤ በሜትር 30.7 ኪሎ የሚመዝነው ባለ 240 ያስፈልጋል።

የኋላው ጫፍም ወደ ላይ ይነሳል። ከግድግዳው 3 ሜትር ወደ ውስጥ ከታሰረ 1 ቶኑ የሚያነሳው በ500 ኪሎ ኃይል ነው፤ ቦታ ጠቦ 1 ሜትር ላይ ከታሰረ 1,500 ኪሎ ይሆናል። ቡሎኑም የወለሉ ኮንክሪትም ይህን መቻላቸውን መሐንዲስ አይቶ መፈረም አለበት።

በቡሎን ፋንታ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት የሚከምሩም አሉ። በ1 ሜትሩ ላይ ሚዛኑን ለማስተካከል ብቻ 30 ከረጢት ይፈልጋል፤ ለደኅንነት ደግሞ የዚህ ብዙ እጥፍ። ከረጢቱ ሲሚንቶ ከሆነማ፣ ሥራው ሲጣደፍ ከክምሩ ላይ ማን አንስቶ እንደሚያቦካው አይታወቅም።