ጊዜውን ያልሸጠው ልብስ ሰፊ

የፋሽን ነገር ሲነሣ ብዙዎቻችን «የሀብታም ጨዋታ ነው» ብለን እናልፈዋለን። አገር በጭንቅ ላይ ሳለች ስለ ፓሪስ ቀሚስ ማውራት ቅንጦት የሚመስለው አንባቢ እንደሚኖርም አንጠራጠርም። ሆኖም ቀሚሱን ለጊዜው ወደ ጎን ትተን ከበስተጀርባው ያለውን ሙግት ብንመለከት ነገሩ ለእኛም እንግዳ ሆኖ አናገኘውም። ሙግቱ አጭር ነው፤ አንድ ባለሙያ በእጁና በአእምሮው የፈጠረው ሥራ፣ በሥራው ላይ የሚታተመው ስሙ፣ ሥራውን ለማብሰል የሚያስፈልገው ጊዜ የማን ነው? የሠሪው ነው ወይስ የባለ ገንዘቡ?

በመጀመሪያ ገበያው እንዴት እንደሚሠራ እንይ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) «ኦት ኩቱር» የሚባለው፣ በልክና በእጅ የሚሰፋው ከፍተኛ የልብስ ሥራ፣ ስሙ ከ1945 ጀምሮ በፈረንሳይ በሕግ የተጠበቀ ነው። ማንም ልብስ ሰፊ ተነሥቶ በዚህ ስም መጠራት አይችልም፤ ፓሪስ ውስጥ የራሱ የስፌት ክፍል ሊኖረው፣ በዓመትም ሁለት ጊዜ ሥራውን ሊያሳይ ይገባዋል። ነገር ግን አንድ ቀሚስ በመቶ የሚቆጠር የሥራ ሰዓት ሊፈጅ ስለሚችል፣ ገዢዎቹም ጥቂት ስለሆኑ፣ ዋናው ትርፍ የሚገኘው ከቀሚሱ አይደለም። ትርፉ ያለው በሽቶው፣ በእጅ ቦርሳው፣ በመነጽሩና በከንፈር ቀለሙ ላይ ነው። ቀሚሱ ማስታወቂያ ሆነ ማለት ነው።

ይህን በሚገባ ከተረዱት አንዱ ፈረንሳዊው ባለሀብት በርናር አርኖ ናቸው። በ1984 ዲዮርን በእጃቸው ያስገቡት የከሰረ የጨርቃ ጨርቅ ኩባንያ በመግዛት ነበር። የሚመሩት ኤልቪኤምኤች ከ70 በላይ ታዋቂ ስሞችን በአንድ ጣሪያ ሥር ይዟል። ጉቺና ሰን ሎራን ደግሞ የተፎካካሪው የኬሪንግ ናቸው። የእነዚህ ኩባንያዎች አክሲዮን በገበያ የሚሸጥ በመሆኑ የሽያጫቸውን ውጤት በየሦስት ወሩ ይፋ ያደርጋሉ። አዲስ ሐሳብ ግን በየሦስት ወሩ አይወለድም። ጠቡ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ይህ ጠብ በኦክቶበር 2015 አደባባይ ወጣ። በዲዮር የሴቶችን ልብስ ይመራ የነበረው ቤልጅጋዊው ራፍ ሲሞንስ ሦስት ዓመት ተኩል ሠርቶ በፈቃዱ ለቀቀ። በዓመት ስድስት ስብስብ ይጠበቅበት ስለነበር አንድን ሐሳብ አቆይቶ ለማብሰል ጊዜ እንደሌለው በወቅቱ ተናግሯል። ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ላንቫንን ለ14 ዓመት ያገለገለው አልበር ኤልባዝ በዋናው ባለ አክሲዮን ውሳኔ ተሰናበተ። ካዛብላንካ ተወልዶ እስራኤል ያደገው ኤልባዝ፣ ከመሰናበቱ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ኒው ዮርክ ላይ ባደረገው ንግግር፣ ልብስ ሰፊ የነበረው ባለሙያ በመጨረሻ ለስክሪን የሚሆን ምስል አምራች እንዲሆን መገደዱን ገልጾ ነበር። ኤልባዝ በ2021 በኮቪድ ሕይወቱ አልፏል።

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» እንላለን። በዚህ ገበያ ግን ስም ባለቤቱን በቁሙ ጥሎት ይሄዳል። ለጃክሊን ኬኔዲ ባርኔጣ በመሥራቱ የታወቀው አሜሪካዊው ሆልስተን በ1973 ድርጅቱን ከነስሙ ሸጠ። ኩባንያው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቆይቶ በመጨረሻ ሰውየው በገዛ ስሙ ልብስ መሥራት ተከለከለ፤ በ1990 እስኪሞትም ስሙን መልሶ አላገኘም። ኦስትሪያዊው ሄልሙት ላንግ በ1999 ለፕራዳ 51 በመቶውን፣ በኋላም የቀረውን ሸጦ በ2005 ወጣ። ከዚያ ወዲህ ቅርጻ ቅርጽ ይሠራል። ስሙ የተጻፈበት ልብስ ግን እሱ በሌለበት መሸጡን ቀጠለ።

ለመሆኑ ከዚህ ያመለጠ አለ? እኛ የምናነሣው አዜዲን አላያን ነው። አላያ በ1935 ቱኒዝ ተወለደ። አባቱ ገበሬ ነበሩ። ቅርጻ ቅርጽ ተምሮ፣ ስፌት ለምዶ በ1957 ፓሪስ ገባ። ዲዮር ቤት ተቀጠረ፤ ነገር ግን በመኖሪያ ወረቀት ምክንያት አምስት ቀን ብቻ ሠርቶ እንደወጣ ይነገራል። የወረቀትን ነገር ለዚህ ገጽ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገንም። ከዚያ በኋላ በአንዲት የመኳንንት ወገን ቤት ቀን ልጆች እየጠበቀ፣ የቤቱንም ልብስ እየሰፋ ለዓመታት ኖረ። በራሱ ስም የመጀመሪያውን ስብስብ ያቀረበው በ1980 ገደማ ነው፤ ዕድሜው 45 ደርሶ ነበር።

አላያ ዝነኛ ከሆነ በኋላም ጨርቁን የሚቆርጠው ራሱ ነበር። ሌሊት ቴሌቪዥን ከፍቶ ስለ አራዊት የተሠሩ ፊልሞችን እያየ ይሰፋ ነበር ይባላል። ፓሪስ በሞላው ዓለም ፊት ትርዒቷን ስታሳይ እሱ ካልደረሰለት አያሳይም፤ ጋዜጠኛው ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ «አሁን ጨርሻለሁ» ሊል ይችላል። በጁላይ 2011 የኦት ኩቱር ትርዒት አቀረበ፤ ቀጣዩን ያቀረበው ከስድስት ዓመት በኋላ በጁላይ 2017 ነው። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ በ82 ዓመቱ አረፈ፤ የተቀበረውም በትውልድ አገሩ ሲዲ ቡ ሰዒድ ነው።

አንድ ሥራውን ብቻ እንጥቀስ። ፈረንሳይ የአብዮቷን 200ኛ ዓመት ስታከብር፣ ጁላይ 14 ቀን 1989፣ በኮንኮርድ አደባባይ ብሔራዊ መዝሙሩን የዘመረችው ጥቁር አሜሪካዊቷ ጄሲ ኖርማን ነበረች። የለበሰችውን ባለ ሦስት ቀለም፣ ባንዲራ መሰል ቀሚስ የሠራው አላያ ነበር። ከ30 ዓመት በፊት ወረቀት የለህም የተባለ ስደተኛ የአገሪቱን ባንዲራ አለበሳት።

ይህን ስንል አላያ ገንዘብ አልነካም ማለታችን አይደለም። በ2000 ከፕራዳ ጋር ተሻረከ፤ በ2007 ተለያይቶ ከስዊሱ ሪሽሞን ጋር ተዋዋለ። ካርል ላገርፌልድም ቢሆን ከ1983 እስከ 2019 ሕልፈቱ ድረስ የሰው ስም ላለበት ለሻኔል በጥድፊያ ሠርቶ ጥድፊያውን ወድዶት ኖሯል። ስለዚህ ገንዘብ ሁሉ የፈጠራ ጠላት ነው የሚል የዋህ ድምዳሜ የለንም። ካፒታል የሌለው ባለሙያ በረሃብ ይሞታል። ልዩነቱ ያለው በውሉ ላይ ነው። አላያ ከአክሲዮኑ ቢሸጥም «መቼ አለቀ?» የሚለውን ጥያቄ የመመለስ ሥልጣን ግን ለማንም አልሰጠም።

እዚህ ላይ ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። ስም ሀብት መሆኑን እኛ በቡና ተምረነዋል። የሲዳሞ፣ የሐረርና የይርጋ ጨፌ ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገቡ በ2005 የተጀመረው ጥረት ስታርባክስን በ2007 ወደ ስምምነት አምጥቶታል። ለሸማኔው ግን ይህን ያህል የተሟገተለት የለም። ሽሮ ሜዳ ላይ ሸማኔው ለቀናት ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ የሚጥለውን ጥበብ፣ ፋብሪካ በቅጽበት ጨርቅ ላይ አትሞ ያመጣውና በርካሽ ይሸጠዋል። ሊያ ከበደ በ2007 ያቋቋመችው «ለምለም» የእጅ ሽመናችንን ወደ ውጭ ገበያ ማውጣቱ መልካም ምሳሌ ነው፤ አንድ ድርጅት ግን ሙያውን በሙሉ ሊሸከም አይችልም።

ውድ አንባቢያን፣ ባህላችን ተነካ ብለን በየሰልፉ የምንጮህ እኛው፣ ለሠርግና ለበዓል ስንገዛ የታተመውን ከተሸመነው ለይተን እንጠይቃለን? ሸማኔው የጠራውን ዋጋ በዶላር አስልተን እንኳ «ተወደደ» ብለን አንከራከርም? አላያ ለቀሚሱ የሚያስፈልገውን ጊዜ ማስከበር የቻለው እስኪጨርስ የሚጠብቁት ደንበኞች ስለነበሩት ነው። የሽሮ ሜዳው ሸማኔ የሚጠብቀው ደንበኛ ካጣ ጉድጓዱን ትቶ ይወጣል፤ ልጁም አይተካውም። ይህን ለማስቀረት ሰልፍ መውጣት አያስፈልገንም። ስንገዛ የሸመነው ማን እንደሆነ እንጠይቅ፤ የድካሙን ዋጋም ሳንከራከር እንክፈል።