ብሉጊል፦ መንጠቆ የለመደው ዓሣ

ብሉጊል አብዛኛውን ጊዜ ከመዳፍ ብዙም የማይበልጥ፣ ጎኑ ጠፍጣፋ፣ አፉ ትንሽ የሆነ የሐይቅና የኩሬ ዓሣ ነው። የትውልድ አገሩ ከሮኪ ተራሮች በስተምሥራቅ ያለው ሰሜን አሜሪካ ሲሆን፣ በስንጥቡ ክዳን ጫፍ ላይ ባለው ጥቁር ምልክት ይታወቃል። ሥጋው ነጭና ጣፋጭ ነው፤ ሳይቆራረጥ መጥበሻ ላይ ይገባል። ብዙ አሜሪካውያን ልጆች በሕይወታቸው መጀመሪያ የሚይዙት ዓሣም እሱ ነው።

በዚህ ምክንያት ብሉጊልን ማጥመድ ቀላል የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ሰው በማይደርስበት ኩሬ እውነትም ቀላል ነው። በየቀኑ መንጠቆ በሚወረወርበት የከተማ መናፈሻ ኩሬ ግን ነገሩ ይለወጣል። ደፋሮቹ ቀድመው ይያዛሉ፤ የሚቀሩት ጠንቃቆቹ ናቸው። ከዚሁ ቤተሰብ በሆነው በላርጅማውዝ ባስ ላይ ኢሊኖይ ውስጥ ለብዙ ዓመታት የተካሄደ ምርምር፣ በቀላሉ የመያዝ ጠባይ ከወላጅ ወደ ልጅ እንደሚተላለፍ አሳይቷል። ተይዞ የተለቀቀው ደግሞ እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ የሚያጠራጥረውን ሁሉ ይሸሻል።

ጠንቃቃ ብሉጊል ወደ ትሉ ይጠጋና ጥቂት ሲቀረው ይቆማል። የጎን ክንፎቹን እያርገበገበ ባለበት ሆኖ ያየዋል። ካመነው ከውሃው ጋር ወደ አፉ ይስበዋል፤ ክሩ ከጎተተው ወይም ብረቱ ከተሰማው ወዲያው ይተፋዋል። ይህ ሁሉ ሲሆን ክሩ ላይ የታሰረው ወፍራም ተንሳፋፊ ላይነቃነቅ ይችላል።

መፍትሔው ሁሉን ነገር ማቅለል ነው። አንድ ኪሎ ግራም ገደማ የሚችል ቀጭን ክር ይበቃል። መንጠቆው 10 ወይም 12 ቁጥር ይሁን፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን መንጠቆው ያንሳል። ተንሳፋፊው ቀጭን ሆኖ፣ ጫፉ ብቻ ከውሃ በላይ እስኪቀር ድረስ በትናንሽ እርሳስ ይመዘን። ጫፉ ቢሰምጥ ብቻ ሳይሆን ከፍ ቢል ወይም ቢጋደምም ዓሣው ትሉን አንሥቷል ማለት ነው። ትሉን ሙሉውን ሳይሆን ቁራጩን ስጡት፤ በዝግታ ይውረድ፤ ከዚያም ዝም በሉት።

ዓሣው በጎኑ ባለው የስሜት መስመር የውሃውን ንዝረት ስለሚያውቅ ዳር ላይ መራገጥ አይበጅም። ከዳሩ ራቅ ብላችሁ ቁሙ፤ ጥላችሁ ውሃው ላይ አይረፍ። ንጋትና ምሽት ይመረጣሉ። በበጋ ሙቀት ትልልቆቹን ከዳር ሳይሆን የውሃ ሣሩ አልቆ ጥልቁ ከሚጀምርበት ፈልጓቸው።

እስከ ዛሬ በክብረ ወሰንነት የተመዘገበው ብሉጊል እ.ኤ.አ. በ1950 አላባማ ውስጥ ኬቶና ሐይቅ ላይ የተያዘው፣ 2.15 ኪሎ ግራም የሚመዝነው ነው። ሰው በሚያዘወትረው ውሃ ግን ትልቅ ዓሣ እየጠፋ የሚሄድበት ምክንያት አለ። በጸደይ፣ ውሃው 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲያልፍ፣ ወንዱ በጭራው ጎድጓዳ ጎጆ ቆፍሮ እንቁላሉን ይጠብቃል። በዚያ ወቅት ትልልቆቹ ወንዶች ተለቅመው ሲያልቁ፣ ትንንሾቹ ሳያድጉ ለመራባት ይቸኩላሉ፤ ኩሬውም በደቃቃ ዓሣ ይሞላል።

ቨርጂንያና ሜሪላንድ ያላችሁ አንባቢዎች፣ ዕድሜያችሁ 16 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በመደበኛነት ፈቃድ ስለሚያስፈልጋችሁ አስቀድማችሁ አውጡ። ለምግብ መካከለኛዎቹን ውሰዱ። ጎጆ የሚጠብቀውን ትልቅ ወንድ ግን እጃችሁን አርጥባችሁ ያዙትና እዚያው መልሱት፤ የኩሬው መጪ ዘመን በእሱ ላይ ነው።