ጥይት ያልነካው ጉዳተኛ

የአንድ ደንበኛዬ ነገር እስካሁን ይቆጨኛል። በአሜሪካ ጦር የከባድ መኪና ሾፌር ሆኖ ቴክሳስ ያገለገለ፣ ወገቡንና ጉልበቱን እዚያው ጥሎ የወጣ ልጅ ነው። ካሳ ሊጠይቅ የመጣው ከሠራዊቱ ከተሰናበተ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ያውም ባለቤቱ ጨቅጭቃው ነው። ተፈቀደለት፤ ያለፉት ዓመታት ክፍያ ግን ቀረ። ለምን እንደዘገየ ስጠይቀው፣ «እኔኮ ጦር ሜዳ አልዋልኩም፤ እጅና እግራቸውን ያጡ እያሉ በምን ፊቴ ልጠይቅ?» አለኝ።

ይህን ከሐበሻ ወታደሮች አፍ መስማት ታክቶኛል። ስንቱ ነው በይሉኝታ መብቱን የሚተወው! እኛ ዘንድ ቁስለኛ የሚባለው ከግንባር የተመለሰው ነው። የአሜሪካ ሕግ ግን እንዲህ አይልም። በርዕስ 38 አንቀጽ 1110 የጦርነት ጊዜን፣ አንቀጽ 1131 የሰላም ጊዜን አገልግሎት ይመለከታሉ፤ የክፍያው ተመን አንድ ነው። ዋናው ጥያቄ ጉዳቱ ወይም ሕመሙ በአገልግሎት ላይ ጀምሯል ወይም ብሷል ወይ የሚለው ነው። በሞተር ጩኸት ጆሮው የደከመም፣ በሥልጠና ሸክም ጉልበቱ ያለቀም ይጠይቃል። የአንዱ ካሳ ከሌላው አይቀነስም። ምጽዋት ስላልሆነም በመቶኛ የሚመደበው ካሳ ደመወዝ አለህ ተብሎ አይከለከልም። ዜግነትም መስፈርት አይደለም።

ውጊያ ላይ መዋል ለውጥ የሚያመጣው በማስረጃው ነው። የተዋጋ ሰው ቃሉ ከአገልግሎቱ ሁኔታ ጋር ከተስማማ፣ ጉዳቱ በመዝገብ ባይገኝም እዚያ እንደደረሰበት ይታመናል። ካምፕ ውስጥ የተጎዳው ግን ማሳየት አለበት፤ የኛ ልጆች የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው። ሕክምና መሄድን እንደ ልግመት ስለሚቆጥሩት ዋጥ አድርገው ያልፋሉ፤ ሕመሙም ሳይጻፍ ይቀራል። እንዲያም ሆኖ ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም፤ አብሮ ያገለገለ ጓደኛ ያየውን ጽፎ ቢፈርም በማስረጃነት ይያዛል። ማስረጃው ለሁለቱም ወገን እኩል ሲመዝን ደግሞ ሕጉ ለወታደሩ ያደላል።

መልሶ የማይገኘው ጊዜው ነው። በተሰናበተ በአንድ ዓመት ውስጥ ያመለከተ ሰው ካሳው ከተሰናበተበት ማግስት ጀምሮ ይታሰብለታል። ከዚያ የዘገየ ግን በአብዛኛው ካመለከተበት ቀን ወደኋላ አይሄድለትም። ስለዚህ የሕክምና ወረቀት እስኪሟላ አትጠብቁ፤ የማመልከት ሐሳብ እንዳላችሁ ዛሬውኑ ለአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት (ቪኤ) አስታውቁ። ሙሉው ማመልከቻ በአንድ ዓመት ውስጥ ከገባ፣ የሚያዝላችሁ ያስታወቃችሁበት ቀን ነው።