አዲስ ሹመትና የችግረኞች መዝገብ

ከአዲስ አበባ ከተማ በደቡብ በኩል፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ውስጥ ለቡ የሚባል ሠፈር ይገኛል። ትናንት የእርሻ መሬት የነበረው ይህ ቦታ ዛሬ በመኖሪያ ቤትና በሱቅ ተሞልቷል፤ በ2009 ዓ.ም. በመስከረም ወር የተመረቀው የኢትዮጵያና የጅቡቲ የባቡር መንገድ ጣቢያም ቆሞበታል። ሆኖም ሠፈር በደመቀ መጠን ችግረኛ ከዓይን ይሰወራል። ጧሪ ያጡ ሽማግሎችና ባልቴቶች፣ አሳዳጊ የሌላቸው ሕፃናት፣ አካላቸው የተጎዳ ወገኖች እንደ ሌላው ሠፈር ሁሉ በለቡም አሉ። ሚኒስትሮች በተሾሙና ቃለ መሐላ በፈጸሙ ቀን፣ ይህ ሹመት ለእነዚህ ሰዎች ምን ያመጣላቸዋል ብሎ መጠየቅ የተገባ ነው።

በአገራችን የሚኒስትርነት ሥራ የተጀመረው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. ነው። በ1935 ዓ.ም. ደግሞ የየሚኒስትሩ ሥልጣን ተለይቶ በነጋሪት ጋዜጣ ታወጀ። ደካሞችን መርዳት የመንግሥት ግዴታ መሆኑም በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ላይ ተጽፏል፤ ይኸውም መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች፣ ለአረጋውያን፣ ወላጅና አሳዳጊ ላጡ ሕፃናት መርጃ ገንዘብ እንዲመድብ የሚያዝ ነው።

ግዴታው ጸንቶ ሲኖር፣ የሚፈጽመው መሥሪያ ቤት ግን ይለዋወጣል። በ2011 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ሃያ ሚኒስትሮች ሲሾሙ፣ እኩሌቶቹም ሴቶች ሲሆኑ፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ሥራ ከሠራተኛ ጉዳይ ጋር ተጣምሮ ነበር። በ2014 ዓ.ም. መስከረም 26 ቀን አዲሱ ካቢኔ ሲቋቋም ግን፣ በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 መሠረት የሠራተኛው ጉዳይ ወደ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሄደ፤ ማኅበራዊ ጉዳይም ከሴቶችና ከሕፃናት ጉዳይ ጋር ተዋሕዶ የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ተባለ። በዚያን ጊዜ ዶክተር ኤርጎጌ ተስፋዬ ከቀድሞው መሥሪያ ቤት ወደ አዲሱ ስለ ተሾሙ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ከሥራው ጋር አብሮ ተሻገረ። ይህ መልካም አጋጣሚ ነበር፤ አጋጣሚ ግን ሥርዓት አይደለም። በየጊዜው የሚያውቅ ሰው አብሮ አይሻገርም።

በለቡ አንዲት ባልቴት ትኑር እንበል። የሚረዳት አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው፤ ድርጅቱም የሚሠራው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር በተፈራረመው ውል ነው። መሥሪያ ቤቱ ስሙ ቢለወጥ፣ ክፍሉ ቢታጠፍ፣ መዝገቡ ከሣጥን ወደ ሣጥን ሲዛወር ቢዘገይ፣ ውሉን የሚያድስ እጅ ለጊዜው ይጠፋል። ሹሙ ወንበሩን እስኪለምድ ሦስት ወር አይበዛበትም፤ የባልቴቲቱ እህል ግን ሦስት ወር አይቆይም። የነገሩ ክብደት ይህ ነው።

ስለዚህ ድርጅቶች አዲስ ሹም በተሾመ ጊዜ የእንኳን ደስ ያለዎ ደብዳቤና የአበባ እቅፍ ይዘው ከመሽቀዳደም የሚሻል ሥራ አላቸው። አስቀድሞ፣ የሚረዱት ሰው ስንት እንደ ሆነ፣ ውሉ መቼ እንደሚያበቃ፣ ከመንግሥት የሚጠበቀው ምን እንደ ሆነ በአንድ ገጽ ይጻፉ፤ ረጅም ሪፖርት ጊዜ ባጣ ሹም ጠረጴዛ ላይ አቧራ ይለብሳልና። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ደጅ ከሚጠና፣ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት በተቋቋመው በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ምክር ቤት በኩል በአንድ ቃል ይናገሩ። ሦስተኛ፣ ሚኒስትር ቢለወጥም የክፍል ኃላፊውና ባለሙያው በቦታቸው የሚቆዩ ናቸውና እነርሱን አይናቁ፤ የወረዳውን ሠራተኛና የዕድሩን ዳኛም አይርሱ። የባልቴቲቱን ደጅ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።

አራተኛም የበጀትን ዘመን ማወቅ ያስፈልጋል። የመንግሥት በጀት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነው። በመስከረም ወይም በጥቅምት የተሾመ ሚኒስትር የሚሠራው እርሱ ባላዘጋጀው፣ አስቀድሞ በጸደቀ በጀት ነው። እንግዲህ በጥቅምት ገንዘብ ጠይቆ በኅዳር እንቢ ተባልን ብሎ ማማረር ከንቱ ነው፤ ማለፊያው መንገድ ለመጪው ዓመት ዕቅድ በሚዘጋጅበት በበጋው ወራት ማስረጃን አሰናድቶ መቅረብ ነው።

ሹሙም በበኩሉ ግዴታ አለበት። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 በመብት ጉዳይ ለሚሠሩት የአገር ውስጥ ድርጅቶች ከውጭ አገር የሚገኘውን ገንዘብ ከገቢያቸው ከመቶ አሥር እንዳያልፍ ወስኖ ነበር፤ ብዙዎችም በዚህ ምክንያት ሥራቸውን ለወጡ ወይም አጠፉ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ይህን ገደብ አንሥቶ፣ የአስተዳደር ወጪ ከመቶ ሃያ እንዳይበልጥ ደነገገ። ከዚህ ወዲህ ድርጅቱ ሒሳቡን በግልጽ ሊያሳይ፣ ሹሙም ድርጅቱን እንደ ረዳት እንጂ እንደ ባላጋራ ሳያይ ሊቀበለው ይገባል። ከሥልጣን የሚወርደውም ቁልፍና ማኅተም ብቻ ሳይሆን፣ የተፈረሙትን ውሎችና ያልተፈጸሙትን ተስፋዎች በዝርዝር ጽፎ ቢያስረክብ፣ ተተኪውም ቆጥሮ ቢረከብ፣ ለችግረኛው ከብዙ ንግግር ይልቅ ይጠቅመዋል።

ይህ ነገር ለመጻሕፍት አዋቂዎች እንግዳ አይደለም። በሐዋርያት ዘመን ሰባቱ ዲያቆናት የተሾሙት፣ በዕለት ምግብ እደላ የተዘነጉ መበለቶች ስላሉ አቤቱታ በመነሣቱ ነበር። አቤቱታው ሹመትን ወለደ እንጂ ሹመት አቤቱታን አላፈነም። ሐዋርያትም ቅሬታውን እንደ ድፍረት አልቆጠሩትም፤ ሕዝቡ የሚያምናቸውን ሰዎች አስመርጠው ሥራውን ሰጧቸው።

የአገራችን ሰው ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ሲል ኖሯል። ይህ ተረት የሹመትን አላፊነት በትክክል አይቷል፤ ቁጭቱን ግን በተሳሳተ ቦታ አኑሮታል። በሚሻርበት ቀን ሹምን ሊቆጨው የሚገባው፣ አንድ ፊርማ በጎደለው ውል ምክንያት የለቡዋ ባልቴት ጦሟን ማደሯ ነው። ፊርማው በእጁ ሳለ ይህን ያሰበ ሰው፣ ወንበሩን ለተተኪው ሲለቅ ከመዝገቡ ጋር መልካም ስሙን ያስረክባል።