«ከገባ ይሠራል» የሚሉት ነገር

መስቀል ሲደርስ አዲስ አበባ ያለው የጉራጌ ልጅ አገር ቤት ይገባል፤ እምድብርም ትሞላለች። በዓሉ አልፎ እንግዳው ሲመለስ ግን ብዙ ቤት አንድ ነገር ተርፎ አያለሁ፦ በስጦታ የመጣ፣ ቻርጀሩ የሌለው ማጫወቻ። ወይ ቻርጀሩ ከመጀመሪያውም ተረስቷል፣ ወይ ልጁ የስልኩ መስሎት ይዞት ሄዷል። ለአባትና ለእናት ግን ሬዲዮውም ዘፈኑም መዝሙሩም እሱ ነው። ከዚያ «እስቲ የሚሆነውን ፈልጉለት» ተብሎ ለኛ ለወጣቶቹ ይሰጣል።

ሱቅ ስትሄዱ የምትሰሙት መልስ የታወቀ ነው፦ «ሞክረው፣ ከገባ ይሠራል»። ይህ ምክር ብዙ ማጫወቻ ገድሏል። የቀዳዳው መጠን ስለ ቮልቱ ምንም አይናገርም። ጫፋቸው አንድ ዓይነት የሆነ የ5፣ የ9 እና የ12 ቮልት አዳፕተሮች አሉ።

አራት ነገር እዩ። መጀመሪያ «ኢንፑት» የሚለውን። የአገራችን መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ከ100 እስከ 240 ከተጻፈበት ችግር የለውም። ከአሜሪካ መጥቶ 120 ብቻ የሚል ከሆነ ግን ሶኬት ላይ አትሰኩት።

ሁለተኛ «አውትፑት»። ቮልቱ ማጫወቻው ላይ ከተጻፈው ጋር እኩል ይሁን። ካነሰ አይነሳም ወይም ድምፁ ይቆራረጣል፤ ከበለጠ ውስጡ ሊቃጠል ይችላል።

ሦስተኛ አምፔር። እዚህ ላይ ብዙ ሰው በከንቱ ይፈራል። 1 አምፔር የሚፈልግ ማጫወቻ በ2 አምፔር አዳፕተር አይጎዳም። የክትፎው ጣባ ስለተለቀ ማንም ከሆዱ በላይ አይበላም። ችግሩ ሲያንስ ነው፤ አዳፕተሩ ይግላል።

አራተኛ ፕላስና ማይነስ። አዳፕተሩ ላይ ክብና ነጥብ ያላት ትንሽ ሥዕል አለች፤ ፕላሱ መሀል ይሁን ዳር የምትነግረን እሷ ናት። ማጫወቻው ላይ ካለችው ጋር አንድ መሆን አለባት።

ማጫወቻው በዩኤስቢ ገመድ የሚሞላ ከሆነ ግን ተገላገላችሁ። የዩኤስቢ መነሻ 5 ቮልት ነው። ደህና የተሠራ የስልክ ፈጣን ቻርጀርም ከዚያ በላይ የሚሰጠው መሣሪያው ራሱ ሲጠይቅ ብቻ ነው።

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው እዚህ ጋ ጆርጅ አከርሎፍን ማስታወሱ አይቀርም። በ1970 እ.ኤ.አ. ስለ አሮጌ መኪና ገበያ ሲጽፍ፣ ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ ካላወቀ መጥፎው ዕቃ ጥሩውን ከገበያ ያስወጣል ብሎ ነበር። የአዳፕተር ገበያም ይሄው ነው። የተጻፈበት ቁጥር ራሱ ሊዋሽ ስለሚችል መልቲሜትር ያለው ጠጋኝ ጋ አስለኩት፤ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ነገሩ የገንዘብም ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ መተካት ከብዷል። «ይቃጠል፣ ሌላ ይመጣል» ማለት ቀርቷል።

ስለዚህ ዛሬውኑ የማጫወቻውን ጀርባና የአዳፕተሩን ጽሑፍ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ቻርጀሩ ቢጠፋ እንኳ ቁጥሩ አይጠፋም። ለመስቀል ስጦታ የምታመጡ ደግሞ ቻርጀሩ ላይ ፕላስተር ለጥፋችሁ «የአባባ ነው» ብላችሁ ጻፉበት።